የኮምፒዩተር ትእዛዝን መተርጐም

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከግርጌው ያሉትንም ጥያቄዎች መልሱ።

ትርጕም ሲባል ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን ከአንድ ሕዝብ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚደረገው ነው። ይሁን እንጂ ሰው ለኮምፒዩተር የሚሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝም መተርጐም የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። የኮምፒዩተርን ሥራ የሚመራው ዋና ፕሮግራም ስርዓተ ክወና ይባላል፤ እያንዳንዱ ስርዓተ ክወናም የራሱ የትእዛዝ ቃላትና የራሱ ሰዋስው አለው።

ዩኒክስ የተባለው ስርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ተጀመረ፤ የዛሬው ሊኑክስም የእርሱን ልማድ ይከተላል። ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው ዶስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ጋር ወጣ፤ ዊንዶውስ ብዙ የትእዛዝ ቃላትን የወረሰው ከእርሱ ነው።

የሁለቱም ትእዛዝ በሰዋስው ዓይን ሲታይ ትእዛዝ አንቀጽ ነው። በአማርኛ «ደብዳቤውን ቅዳ» ስንል ተሳቢው ይቀድማል፤ ግሡ ይከተላል። በኮምፒዩተር ትእዛዝ ግን ግሡ ይቀድማል፤ የሚቀዳው ፋይልና የሚቀመጥበት ቦታ በተራ ይከተላሉ። «ቅዳ» የሚለው ግሥ በዩኒክስ «ሲፒ»፣ በዊንዶውስ «ኮፒ» ነው። «አጥፋ» ለማለትም በዩኒክስ «አርኤም»፣ በዊንዶውስ «ዴል» ይባላል። እስከዚህ ድረስ የቃላት ዝርዝር የያዘ ሰው ሁሉ ሊተረጕም ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ቃልን በቃል መተካት በማይበቃበት ቦታ ነው።

አንደኛ፣ አንድ ቃል ሁለት ፍች ሊኖረው ይችላል። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» እንደሚሆን ሁሉ፣ የዩኒክሱ «ኤምቪ»ም ፋይልን ማዛወርም ስሙን መለወጥም ይሆናል። ዊንዶውስ ለማዛወር «ሙቭ»፣ ስም ለመለወጥ «ሬን» የሚሉ ቃላት አሉት። ስለዚህ ተርጓሚው ሙሉውን ትእዛዝ ሳያነብ ቃሉን ሊመርጥ አይችልም።

ሁለተኛ፣ በመልክ አንድ ሆነው በፍች የሚለያዩ ቃላት አሉ። «ነበረ» በግዕዝ «ተቀመጠ» ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ያለፈ ህላዌን ያመለክታል። «ፋይንድ» የተባለው ትእዛዝም እንዲሁ በዩኒክስ ፋይሎችን ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ ግን በፋይል ውስጥ የተጻፈን ቃል ይፈልጋል።

ሦስተኛውና አደገኛው በምልክቶች ላይ የሚደርሰው ስሕተት ነው። አንድ ሰው በአንድ ፎልደር ያሉትን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ ቀድቶ የፊተኛውን ፎልደር ሊያጠፋ አሰበ እንበል። በዊንዶውስ ከ«ኮፒ» ቀጥሎ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ (*.*) ቢጽፍ፣ ከተሰወሩት በቀር ፋይሎቹ ሁሉ ይቀዳሉ። ይህንኑ ምልክት እንዳለ ወደ ዩኒክስ ቢያሻግረው ግን የሚቀዱት በስማቸው ውስጥ ነጥብ ያለባቸው ብቻ ናቸው። ትክክለኛው ትርጕም ኮከብ (*) ብቻ ነበር። ማሽኑ ግን የተጻፈለትን ፈጽሟልና ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሰውየው ሁሉም ተቀድቷል ብሎ ፎልደሩን ሲያጠፋ፣ ሳይቀዱ የቀሩት ፋይሎች አብረው ይጠፋሉ። በ«አርኤም»ም ሆነ በ«ዴል» የጠፋ ፋይል ወደ ቈሻሻ ቅርጫቱ ስለማይገባ በቀላሉ ተመልሶ አይገኝም።

እንግዲህ ተርጓሚው አስቀድሞ «ይህ ትእዛዝ ምን እንዲፈጸም ይፈልጋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ከዚያም ትርጕሙን በማያሳስቡ ቅጂዎች ላይ ይሞክር፤ ከማጥፋቱም በፊት የሁለቱን ፎልደሮች ዝርዝር ያመሳክር። ሰው የተዛባ ንግግር ሲሰማ የተናጋሪውን ሐሳብ ይገምታል፤ ኮምፒዩተር ግን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን አይፈጽምም።

ጥያቄዎች
1. የአማርኛ ትእዛዝና የኮምፒዩተር ትእዛዝ በቃላት አሰላለፍ እንዴት ይለያያሉ?
2. በምንባቡ የተጠቀሰው ሰው ፋይሎቹን ያጣው ለምንድን ነው?
3. እንደ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ፍቹ የሚለወጥ ሌላ ቃል ፈልጉና በሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስገቡ።