የጋራ ጋዜጣና የመሣሪያ ገደብ

በወረቀት የታተመ ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። አባት ያነበበውን ልጅ፣ ልጅ ያነበበውን ጎረቤት ያነበዋል። በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ አከራዮች አንዱን ቅጂ ለብዙ አንባቢዎች ለዓመታት ሲያዳርሱ ኖረዋል። በኢንተርኔት የሚነበብ ጋዜጣ ግን ጠባዩ ልዩ ነው። ይኸውም አንዱ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ቦታ ሊከፈት ስለሚችል ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ አሳታሚዎች በአንድ ደንበኝነት የሚያነቡትን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ብዛት ይወስናሉ። ይህም የመሣሪያ ገደብ ይባላል።

የገደቡ መነሻ የገቢ ጉዳይ ነው። የማስታወቂያ ገቢ የዝግጅቱን ወጪ ለመሸፈን ባለመብቃቱ ብዙ ጋዜጦች አንባቢውን ማስከፈል ጀምረዋል። ለምሳሌ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2011 እ.ኤ.አ. በወር 20 ጽሑፎችን በነጻ አስነብቦ ከዚያ በላይ ለሚሹ ክፍያ ጠየቀ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የነጻውን ቁጥር ወደ 10 ዝቅ አደረገ።

ቆጠራው የሚካሄደው እንደሚከተለው ነው። ደንበኛው የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ የአሳታሚው ኮምፒዩተር ለመሣሪያው የመለያ ምልክት ይሰጠዋል። መሣሪያው ጋዜጣውን በከፈተ ቁጥር ይህን ምልክት እንደ መግቢያ ካርድ ያሳያል። የተሰጡት ካርዶች ከተፈቀደው ቁጥር ሲደርሱ በአንዳንዱ ጋዜጣ አዲሱ መሣሪያ ይከለከላል፤ በሌላው ደግሞ የቀድሞው እንዲወጣ ይደረጋል።

እንግዲህ የሚቆጠረው ካርዱ እንጂ ሰው አይደለም። አምስት መሣሪያ የተፈቀደለት አራት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ አለ እንበል። አራቱ ስልኮችና የቤቱ ኮምፒዩተር ቦታውን ሞልተውታል። ልጅቱ ስልኳን ሸጣ ሌላ ብትገዛ፣ አንባቢ ሳይጨመር አዲሱ ስልክ ሊከለከል ይችላል፤ የተሸጠው ስልክ ቦታውን እንደ ያዘ ነውና። በስልክ ላይ የተቀመጠው ምልክት በተሰረዘ ጊዜም ያው ስልክ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያ በደንበኝነት መዝገቡ ውስጥ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፍቶ ከአገልግሎት የወጡትን መሰረዝ ይገባል። ዝርዝር ከሌለ ሁሉንም መሣሪያዎች በአንድ ትእዛዝ አስወጥቶ የሚፈለጉትን ብቻ እንደገና ማስገባት ነው። ማንም የማያውቀው መሣሪያ ከተገኘ የይለፍ ቃሉን ወዲያው መለወጥ ያስፈልጋል። ይህ ቃል ለኢሜይል ወይም ለባንክ ከሚያገለግለው ቃል ጋር አንድ መሆን የለበትም፤ አንዱ በሌላ እጅ ከገባ ሌላውም ይከፈታልና።

አንባቢዎቹ በእርግጥ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ከሆኑ ግን መሰረዝና ማስገባት መፍትሔ አይሆንም። የይለፍ ቃሉ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ በመጨረሻ ከፋዩ ራሱ ከደጅ ይቀራል፤ ዘገባውን ያዘጋጀውም የድካሙን ዋጋ ያጣል። በመሆኑም የጋዜጣውን ውል አንብቦ የቤተሰብ ወይም የተቋም ደንበኝነት መግባት ይሻላል። አንዳንድ ጋዜጦች ደንበኛው የተወሰኑ ጽሑፎችን ለሌላ ሰው በስጦታ እንዲልክ ስለሚፈቅዱ በዚህ መጠቀምም ይቻላል። ጋዜጣን ተካፍሎ ማንበብ መልካም ልማድ ነው፤ ልማዱ የሚዘልቀው ግን ተካፋዮቹ ድርሻቸውን አውቀው ሲጠብቁ ነው።