ግሪክ በዩሮ ሥር
የራሱ ገንዘብ ያለው አገር ምርቱ በውጭ ገበያ ሲወደድበት የምንዛሪ ተመኑን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩሮን የተቀበለችው ግሪክ ግን ይህ በር ስለተዘጋባት፣ በ2010 በዕዳ ቀውስ ተይዛ ከአውሮፓ አገሮችና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ስትበደር፣ ደመወዝንና ዋጋን በአገር ውስጥ ዝቅ ለማድረግ፣ ማለትም ወደ «ውስጣዊ ማስተካከያ» ለመግባት ተገደደች። ጡረታና የመንግሥት ወጪ ተቀነሱ፤ በ2012 ሕጋዊው የደመወዝ ወለል በ22 በመቶ፣ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ በ32 በመቶ ተቆረጠ፤ ይህም ሸክሙን እጅግ አቅም ባነሳቸው ላይ የጫነ ውሳኔ ነበር። ዋጋ እንደ ደመወዝ ፈጥኖ ባለመውረዱና የመንግሥት ወጪ ሲቀንስ የነጋዴው ገበያም አብሮ በመቀዝቀዙ፣ በ2013 ከአራት ሠራተኞች ከአንድ በላይ የሚሆነው ሥራ አጥ ሆነ። የገንዘብ ድርጅቱም በዚያው ዓመት፣ የወጪ ቅነሳው በኢኮኖሚው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አሳንሶ ገምቶ እንደነበር አምኗል።