የመጀመሪያዪቱ ሞተር ብስክሌት

ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር፣ የቍጠባ ደብተሬን በኪሴ ይዤ አሰላ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የሞተር ብስክሌት መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ አንዲት ቀይ ሞተር ትታያለች። ሰልባቲዮዋ እንደ ሰንጋ ጫንቃ የወፈረ፣ ማርሚታዋ የሚያብለጨልጭ፣ ባለ 250 ሲሲ ናት። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ስለ ሞተር ብስክሌት የማውቀው ነገር ቢኖር ቀይዋ ማማሯን ብቻ ነበር።

መግዛቴ ለቅንጦት አልነበረም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከቤቴ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በክረምት ባጃጅ በጠፋ ቍጥር ጭቃውን እያቦካሁ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጋምሶ ይቆየኛል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሞተር በገዛ በሦስተኛው ሳምንት ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ሞተሯ ከዐቅሙ በላይ የሆነች ከባድ ናት፤ እርሱም ከሁለት ቀን የበለጠ አልተለማመደም። እናቴ ይህን ስለ ሰማች፣ «ልጄ፣ ጨርሶ ከመቅረት ዘግይቶ መድረስ ይሻላል» እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

እንዲህ በሐሳብ ተውጬ ሳለሁ በሠፈራችን ጋራዥ ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ መካኒክ አዩኝ።

«መምህር፣ ሚስት ልታጭ ነው ወይስ ሞተር ልትገዛ?» ብለው ሣቁ።

«ሞተር ነው፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«እንግዲያውስ መልኳን ተውና ወደ ጋራዥ ና። መጀመሪያ እንነጋገር።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ ከእርሳቸው የተማርሁትንና በኋላም ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ነው።

የወደቀችውን አንሣ

ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው ለጥገና በቆሙት ሞተሮች ላይ በየተራ አስቀመጡኝ። የሚመለከቱት እግሬን ነበር። ሁለቱም ተረከዞች መሬት ካልረገጡ ለጀማሪ አትስማማም አሉ። ጀማሪ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በፍጥነት ሲሮጥ ሳይሆን ሊቆም ሲል፣ ሊዞር ሲልና ከዳገት ላይ ሲነሣ ነውና። ቀጥሎም ሞተሩን ሳላስነሣ አንዷን ዳገት አስገፉኝ። በመጨረሻም አንዲት አሮጌ ሞተር በሣር ላይ አጋድመው፣ «አንሣት» አሉኝ። ላብ እያሰመጠኝ አነሣኋት። «የወደቀችውን ብቻህን ማንሣት ካልቻልህ ያንተ አይደለችም» አሉ።

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ተራ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ኪሎ ይመዝናሉ። ቀይዋ ግን ከዚህ እጅግ ትከብድ ነበር።

ትንሽ ሞተር መግዛት እንደ ውርደት የሚቈጠርበት ሰው ቢኖር ታሪክን ይመልከት። ጎትሊብ ዳይምለር በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1885 በእንጨት ቅርጽ ላይ ሞተር ካሠረ ወዲህ ልዩ ልዩ ዐይነት ሞተር ብስክሌት ተሠርቷል። ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ በብዛት የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1958 በጃፓን አገር ባለ 50 ሲሲ ሆና የወጣችው የሆንዳ ሱፐር ካብ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ቍጥሯ ከ100 ሚሊዮን አለፈ። እንግዲህ የዓለም ሕዝብ በብዛት የመረጠው ትንሿንና ቀላሏን ነው ማለት ነው።

የደጋ አየር የሚቀንሰው ጕልበት

ይሁንና እጅግ ትንሿም ቢሆን ለአገራችን ደጋ አትበቃም። እኔ የፊዚክስ መምህር ስለ ሆንሁ በዚህ ነገር ላይ ጋሼን ጥቂት ልረዳቸው ቻልሁ። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ቀጭን ነው፤ ጥግግቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ 100 ሲሲ ተብላ የተሸጠች ሞተር እኛ ዘንድ ስትደርስ ጕልበቷ ወደ 80 ሲሲ ይወርዳል። ሰውና አንድ ጆንያ ጭና ወደ ጭላሎ ግርጌ ስትወጣ ማቃሰቷ ከዚህ የተነሣ ነው።

ካርቡራቶር ያላት ከሆነችም ሌላ ጣጣ አለ። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ጭሷ ይጠቍራል፣ ካንዴላዋም ጥላሸት ይለብሳል። ይህን ዐዋቂ መካኒክ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በማጥበብ ያስተካክለዋል። በጠቅላላው ለደጋ አገር ጀማሪ ከ125 እስከ 150 ሲሲ ያላት የምትመች መሆኗን ሁለታችንም ተስማማን።

በሰሌዳ ላይ የተሠራው ሒሳብ

በዚያው ሳምንት ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስለ እንቅስቃሴ ኀይል ሳስተምር ነገሩን ወደ ሞተር አመጣሁት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ ከ3.5 ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ያህል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን ከ14 ሜትር በላይ፣ ማለት ከአራት ፎቅ ላይ እንደ መውደቅ ነው።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ታዲያ ሄልሜት ለአራት ፎቅ ይበቃል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። «ለአራት ፎቅ አይበቃም» አልኋት። «ስለዚህ ከአራት ፎቅ አለመውጣት ነው።»

ይህ ማለት ግን ሄልሜት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ዝነኛው እንግሊዛዊ ወታደርና ደራሲ ቲ. ኢ. ሎረንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1935 ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱን በመጎዳቱ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ጥገና ሊቅ ሂው ኬርንስ ሞቱ አስጨንቆት የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት መመርመር ጀመረ፤ በ1941 ያወጣው ጥናትም የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞች ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ ምክንያት ሆነ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ አንድ የ2008 ሥራ ደግሞ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጿል። ነገር ግን ማሠሪያው ካልታሠረ ሄልሜቱ ከባለቤቱ ቀድሞ ይወድቃል።

አሮጌ ለሚገዛ

የመምህር ደመወዝ ለአዲስ ሞተር ስለማይበቃ ያገለገለች መፈለግ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሻጭ ቤት ስንደርስ ሞተሯ በአንድ ምት ተነሣች። እኔ ደስ ብሎኝ ዋጋ ልጠይቅ ስል ጋሼ መዳፋቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉና፣ «ይህች ከእኛ በፊት ተነሥታ ሞቃለች፤ ነገ በጧት እንመለሳለን» አሉ። በማግስቱ በብርዱ ከሃያ ምት በኋላ ተነሣች፤ ከማርሚታዋም ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል፤ ጥገናውም ብዙ ወጪ ያስወጣል። አመስግነን ሄድን።

እንግዲህ አሮጌ የሚገዛ ሁሉ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይሂድ። ጎማዎቹ በአንድ መስመር መቆማቸውን ከኋላ ሆኖ ይመልከት፤ ካልሆኑ ሞተሯ ወድቃ ተጣማ ይሆናል። ካቴናውን፣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን ይፈትን። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ ካልሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ጥሎ ይሂድ። መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን መድን የግድ ነው። የከተማውንም ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ ብዙዎች ሳያስቡት ተይዘዋል።

መማር ከመግዛት ይቀድማል

ሃሪ ሃርት የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አውጥተው ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከመቶው 92ቱ በራሳቸው ወይም ከወዳጅ ዘመድ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡትም በዚያችው ሞተር ላይ ከአምስት ወር ያነሰ ልምድ ነበራቸው። ሞተርና መኪና በተጋጩበት ጊዜ ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ ቅድሚያውን የነፈገው መኪናው ነው። ስለዚህ ከፊት የሚመጣው መኪና ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል አላየኝም ብሎ ማሰብ ብልኅነት ነው።

እኔም በአሠልጣኝ ከተማርሁ በኋላ ሦስት እሑድ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ዋልሁ። ፍሬን በምንይዝበት ጊዜ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ፍሬን ነው። ጀማሪ ግን እርሱን ይፈራና በኋለኛው ብቻ ይመካል፤ ወይም ደንግጦ ጨምድዶ ይይዘውና ይወድቃል። እኔ አራት ጊዜ ወደቅሁ። በሣር ላይ ስለ ነበር ጉዳቱ በሱሪዬ ጕልበት ላይ ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ አንዲት ጥቍር፣ ያገለገለች ባለ 125 ሲሲ ገዛሁ። በተረፈው ገንዘብም ደኅና ሄልሜትና ጓንት ገዛሁበት። ወደ ቤት ባመጣኋት ዕለት እናቴ ሞተሯን ትታ ሄልሜቱን አገላብጣ አየችና፣ «ይህ ድስት ያድንሃል?» አለችኝ። «እርሱና ቀስ ማለት አንድ ላይ ከሆኑ፣ እማዬ» አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጧቱ ማሠሪያዬን ሳትነካ ከደጅ አታስወጣኝም።

ባልደረባዬ አሁን ያለ ምርኵዝ ይራመዳል። ደግሞ መግዛት ያምረዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሞ ወደ ጋሼ ጋራዥ ሄዶ የወደቀችውን ማንሣት ጀምሯል። ቀይዋ ሞተር ከሱቁ ተሸጣለች። የገዛት ሰው ከእኔ የተሻለ ልምድ ያለው እንዲሆን እመኝለታለሁ።