ጋምቤላ ላይ ፍሪጅ በምን ይመዘናል?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ስሙንና ሊትሩን ነው። እኔ በሙያዬ አስቀድሜ የማየው ግን ከውስጡ ወይም ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ትንሽ ፊደል ነው። «ኤን» ካለ የተሠራው ሙቀቱ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሆነ ክፍል ነው፤ «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ይዘልቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጋምቤላ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት የቀትሩ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር ያገለገለ «ኤን» ፍሪጅ እዚህ ሲመጣ ሙቀቱን ወደ ውጭ መጣል ያቅተዋል፤ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ከባሮ ወንዝ የወጣው ዓሣ ግን በደንብ ሳይቀዘቅዝ ያድራል። ዕቃው የውሸት ሆኖ አይደለም፤ ለቦታው ስላልተሠራ ነው።

«ቲ» ይወደዳል የሚል አለ። ሊወደድ ይችላል፤ ግን በመግዣ ዋጋ ብቻ ካወዳደርን የመብራት ሂሳቡና የጥገናው ወጪ ከስሌቱ ይወጣሉ። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ዕቃ የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን የመብራቱ መዋዠቅ ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ቮልቴጁ ከ220 በጣም ሲወርድ ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት እየታገለ ይግላል፤ ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስም እንዲሁ። ለዚህ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ስታብላይዘር ይረዳል። ሙቀቱን ግን አያስታግስም፤ እንዲያውም በሙቀት የተጨናነቀ ኮምፕሬሰር ዝቅተኛ ቮልቴጅን ለመቋቋም ይበልጥ ይቸገራል። የመለዋወጫና የዋስትና ጥያቄ፣ በኔ ሚዛን፣ ፊደሉ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ ነው።