ፕላቲነሙ የት ይቀመጥ?

እ.ኤ.አ. በ1842 ዌልሳዊው ጠበቃና የፊዚክስ ሊቅ ዊሊያም ግሮቭ ሃይድሮጂንና ኦክስጅንን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የፕላቲነም ባትሪያቸውን ሲያብራሩ አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ፤ ሥራው የሚሠራው ጋዙ፣ አሲዱና ፕላቲነሙ በሚገናኙበት ቀጭን መስመር ላይ ነው። ያን መስመር እንዴት ማስፋት ይቻላል? ይህን መሰሉ መሣሪያ ዛሬ ፊውል ሴል ይባላል፤ ታሪኩም ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ፕላቲነም ውድ ነው። በዚያ ላይ ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥነው ገጹ ላይ ያለው አተም ብቻ ነው። ለፀሐይ የተሰጣ እህል ስስ ተደርጎ ካልተበተነ የታችኛው እንደማይደርቅ ሁሉ፣ ተከምሮ የተቀመጠ ፕላቲነምም ውስጡ ሥራ ፈትቶ ይቀራል። መበተኛው ቦታ የተገኘው ከካርቦን ጥላሸት ነው። የመኪና ጎማ ከሚያጠነክረው ጥላሸት ጋር አንድ ወገን የሆነው ይህ ዱቄት፣ አንድ ግራሙ ከ200 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው። ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሆኑ የፕላቲነም ቅንጣቶች እዚያ ላይ ተራርቀው ይሰፍራሉ።

ነገር ግን አዲስ ችግር መጣ። በፈሳሽ አሲድ ፈንታ ጠጣር ሜምብሬን ባላቸው ሴሎች፣ ጥላሸቱ ውስጥ ዘልቆ የተቀመጠው ፕላቲነም ለኬሚካዊ ለውጡ የሚያስፈልገው ፕሮቶን አይደርሰውም ነበር። ስለዚህ ያለ ካርቦን፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 4 ሚሊግራም ያህል ፕላቲነም መለጠፍ የተለመደ ሆነ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ኢያን ሬይስትሪክ ናፊዮን የተባለውን ፖሊመር አሟሙተው ካርቦኑ ላይ ቀቡት። ሲደርቅ ለፕሮቶን መንገድ የሚሆን ስስ ሽፋን ቀረ። 0.4 ሚሊግራም ፕላቲነም የ4 ሚሊግራሙን ያህል መሥራት ቻለ። የፕላቲነሙን ወጪ በአሥር እጅ የቀነሰው አዲስ ማዕድን ሳይሆን፣ ያው ፕላቲነም በትክክለኛው ቦታ መገኘቱ ነበር።

ፕላቲነሙ ይበልጥ እየተቀነሰ ሲሄድ ግን ያ ባለውለታ ፖሊመር ራሱ እንቅፋት ሆኖ ተገኘ። በውስጡ ያለው የሰልፎኒክ አሲድ ክፍል ፕላቲነሙ ላይ እየተጣበቀ ሥራውን ያጓትታል። በ2018 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች መፍትሔውን በካርቦኑ ቀዳዳዎች ውስጥ አሳዩ። አፋቸው ከ4 እስከ 7 ናኖሜትር በሆነ ቀዳዳዎች ውስጥ የተቀመጠ ፕላቲነም ከፖሊመሩ ይጠለላል፤ ኦክስጅንና ፕሮቶን ግን ይደርሱታል። ቀድሞ ፖሊመሩ ፕላቲነሙን ካልነካ ተብሎ ነበር፤ አሁን ቀርቦ ሳይነካው መቆሙ ተመራጭ ሆነ።

ፍለጋው አላበቃም። በፊውል ሴል የሚሄድ መኪና ሲነሳና ሲጠፋ በሴሉ ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ካርቦኑን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለወጠ ይበላዋል፤ ተሸካሚው ሲያልቅ ፕላቲነሙም ተነቅሎ ይባክናል። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ወደ ግራፋይት የተጠጋ ካርቦንንና እንደ ቲን ኦክሳይድ ያሉ ቁሶችን የሚፈትኑት። ስለ ሃይድሮጂን መኪና ዋጋ የምር የሚያስብ ሁሉ፣ ከፕላቲነሙ እኩል ተሸካሚውንም ሊከታተል ይገባዋል።