ፔዳሉ ሲደነድን፦ የአሮጌ ፒክአፕ ሰርቮ

«ፍሬኔ አስቸግሮኛል» ብሎ ጋራዥ የሚመጣ ሹፌር ከሁለት አንዱን ማለቱ ነው። አንደኛው ፔዳሉ እየሰመጠ ወለል የሚነካበት ነው፤ ይህ የፍሬን ዘይት ሲያፈስ፣ አየር ሲገባበት ወይም የማስተሩ (ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር) ጎሚኒ ሲበላ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ በሙሉ ኃይል ቢረገጥም መኪናው ርቆ ሄዶ የሚቆምበት ነው። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ መጀመሪያ የፍሬን ሸራ ለመለወጥ የሚቸኩል ብዙ ነው። ያለቀ ወይም ዘይት የነካው ሸራም ፍሬን ያደክማል፣ እውነት ነው። ግን ጎማ ከመውረዱ በፊት ሹፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በእግር ብቻ የሚደረግ ፍተሻ አለ፤ ሳንቲም አያስወጣም። የሚፈተሸው እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ነው።

ሰርቮ፣ አንዳንዱ ቡስተር የሚለው፣ ኮፈኑ ሲከፈት በማስተሩና በሹፌሩ ግድግዳ መካከል የሚታየው ጥቁር ክብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ዲያፍራም በሚባል ላስቲክ ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ሳይረገጥ በሁለቱም ክፍል ያለው አየር ተመጥጦ ይወጣል። እግር ሲያርፍበት በሹፌሩ በኩል ያለው ክፍል ለውጭ አየር ይከፈታል፤ የፊተኛው እንደተመጠጠ ይቆያል። ላስቲኩን ወደ ማስተሩ የሚገፋው እንግዲህ ከውጭ የገባው አየር ነው። ዘዴውን ያፈለቀው አልበርት ደዋንድር የተባለ ቤልጂጋዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ቦሽ የተባለው ኩባንያ ፈቃዱን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1927 ለገበያ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ መሠረታዊ አሠራሩ ግን ያው ነው። ከባድ መኪኖች ላይ ያለው የአየር ፍሬን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ አንገባበትም።

ሥራውን የሚሠራው የአየር ግፊት ከሆነ፣ ለደጋ ሰው ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የሚጫነው የዚያ ሦስት አራተኛ ነው። 25 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ፣ አየሩን የሚያወጣው ፓምፕ በደንብ እየመጠጠለት፣ ወደቡ ላይ 430 ኪሎ ገደማ ቢገፋ አዲስ አበባ ላይ 320 ኪሎ ቢገፋ ነው። ይህ ምንም ያልሆነው፣ ጤነኛው ሰርቮ ነው። በተቀነሰው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሲጨመርበት፣ ቆላ ላይ «ትንሽ ከበድ ይላል» የሚባለው ፔዳል ደጋ ላይ አስደንጋጭ ይሆናል።

መለኪያ ይዞ የሚሠራ መካኒክም ይህን ሊዘነጋ አይገባም። ለባሕር ጠለል የተጻፈ መጽሐፍ «ፓምፑ 650 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማሳየት አለበት» ቢል፣ አዲስ አበባ ላይ አየሩ በጠቅላላው 570 ገደማ ስለሆነ የትኛውም አዲስ ፓምፕ 650 ሊያሳይ አይችልም። ቁጥሩን ሳያሰላ ያመነ ሰው ደህናውን ፓምፕ አውጥቶ ይጥላል።

ፓምፕ ያልኩት ስለ ናፍጣ ሞተር እያወራሁ ስለሆነ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ማኒፎልዱ ውስጥ ራሱ ቫኪዩም ይፈጥራል። ናፍጣው ግን የራሱ ፓምፕ ይፈልጋል፤ 2ኤል እና 3ኤል ሞተር ባላቸው አሮጌ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተጣብቆ በአንድ ዘንግ ይዞራል። ስለዚህ ቺንጋው ከላላ ባትሪውም ፍሬኑም አብረው ይደክማሉ። የባትሪ መብራት ብልጭ በሚልበት ሰሞን ፔዳሉም ከከበደ፣ ሰርቮውን ከመጠርጠር በፊት ቺንጋውን በአውራ ጣት መጫን ነው። ፍሬን ሲረገጥ የሞተሩ ዙር መዋዠቁን የማየቱ ፍተሻም ለቤንዚን ነው፤ ናፍጣ ላይ ምንም አይነግርም።

አሁን ወደ እግር ፍተሻው። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ መርገጥ፤ የተጠራቀመው ቫኪዩም ሲያልቅ ይደርቃል። እግር ሳይነሳ ሞተሩን ማስነሳት። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ንቅንቅ ካላለ ወይ ቫኪዩም አልደረሰውም ወይ ሰርቮው አይዝም። ቀጥሎ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ አሠርቶ አጥፍቶ በዝግታ መርገጥ ነው፦ የመጀመሪያው ጠልቆ ይሄዳል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በየተራ ከፍ ይላሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም እኩል ደረቅ ከሆኑ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ሦስተኛው ፍተሻ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ ይዞ ማጥፋት ነው፤ ለ30 ሰከንድ ያህል ባለበት መቆየት አለበት። እግርን ወደ ላይ እየገፋ ከተነሳ ላስቲኩ ወይም ቫልቩ አየር እያሳለፈ ነው።

ጆሮም ይረዳል። ፔዳሉ በሚረገጥበት ቅጽበት «ፍስ» ብሎ ዝም የሚል ድምፅ የሰርቮው የተለመደ ትንፋሽ ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ባለበት ሳያቋርጥ «ፍስ» የሚል ከሆነ ግን ምንጩ ሰርቮው ውስጥ ነው።

ያም ሆኖ ሰርቮ ከመገዛቱ በፊት ርካሾቹ ይታዩ። ከፓምፑ የሚመጣው ቱቦ ከሙቀትና ከዘይት የተነሳ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ወይም ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሲለሰልስ በቫኪዩሙ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል። መስመሩ ላይ ያለው ቫልቭ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ አለበት። ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ በሁለቱም ጫፍ እፍ ማለት ነው፦ ከሰርቮው ወደ ፓምፑ ያልፋል፣ በተቃራኒው እምቢ ይላል። በሁለቱም ካለፈ የተበላሸው እሱ ነው፤ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር የተጠራቀመውን ይለቃል።

በተለይ የሚያናድደው የሚከተለው ነው። የፍሬን ዘይት በየጊዜው እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ካልታየ፣ ማስተሩ በኋላ ጎሚኒው በኩል ሰርቮው ውስጥ እያፈሰሰው ሊሆን ይችላል። የማስተሩን ዳዶዎች ፈትቶ፣ ቧንቧዎቹን ሳይነኩ፣ ትንሽ ወደ ፊት ስቦ በእጅ ባትሪ ማየት ይበቃል። እርጥበት ካለ ወይም የሰርቮው ቀለም ከሥር ተላጦ ከተገኘ ነገሩ ተያዘ። ማስተሩን ትቶ ሰርቮውን ብቻ መለወጥ አዲሱንም እዚያው ዘይት ውስጥ መንከር ነው።

አዲስ ኦርጅናል ማግኘት ለአሮጌ መኪና ሁልጊዜ አይቀልም፤ ብዙው ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ይፈልጋል። ገዢው የማስተሩ ጫፍ በሚገባበት ቀዳዳ ጣት ከትቶ እርጥበት ይፈትሽ፤ ከዚያ በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ አስመጥጦ መለኪያው ቆሞ ይቀር እንደሆነ ይጠብቅ። የፔዳል ዘንጉ ርዝመትና የብሎኖቹ አቀማመጥም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይለካ። ቆርቆሮውን ፈልቅቆ ላስቲክ የሚለውጥ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልመክርም። ውስጡ የታመቀ ስፕሪንግ አለ፣ ጠርዙም ተመልሶ እንደ ፋብሪካው አይገጥምም።

መፍታቱ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቧንቧዎቹ ሳይጠመዘዙ ማስተሩ ወደ ጎን ከተገፋ ዘይት ማፍሰስ ላያስፈልግ ይችላል፤ ከተከፈቱ ግን አየሩን ማስወጣት ግድ ነው። ከዚያ ከመሪው ሥር በጀርባ ተኝቶ፣ ፔዳሉን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ፒን ማውጣትና ግድግዳው ላይ ያሉትን አራት ዳዶዎች መፍታት ነው። በማስተሩና በሰርቮው መካከል ያለው ጎሚኒ ቫኪዩም ይዞ የሚኖር ስለሆነ አሮጌውን መመለስ ስስት ነው።

ከሰርቮው ወጥቶ ማስተሩን የሚገፋው አጭር ዘንግ ግን ችላ ከተባለ አደጋ ያመጣል። ካጠረ ፔዳሉ ባዶውን ይሄዳል። ከረዘመ ማስተሩን ሁልጊዜ ትንሽ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይያዛል፣ ይግላል። ልዩ መለኪያው በሌለበት፣ ትንሽ የጧፍ ሰም በጣት አለስልሶ ዘንጉ ጫፍ ላይ ማድረግ፣ ማስተሩን አጥብቆ መልሶ መፍታት ነው። ሰሙ እንደ ስስ ወረቀት ሆኖ ከቀረ ልኩ ደርሷል፤ ከወፈረ ዘንጉ አጥሯል፤ ማስተሩ ግጥም ብሎ አልቀመጥ ካለ ረዝሟል። ሰሙ ተጠርጎ ይወጣል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ሰው ይህ የሚሊሜትር ጉዳይ ይመለከተዋል። እዚያ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ፓምፑን ያቆመዋል፤ የቀረው ቫኪዩም ለሁለት ሦስት እርግጫ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ግን ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋል፣ ፓምፑንም ያዞረዋል።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሦስቱ የእግር ፍተሻዎች ይደገማሉ። ከዚያ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ በእጅ ይዙሩ፤ ሜዳ መንገድ ላይ ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶም እጅን ወደ ቸርኬዎቹ ማስጠጋት ነው። የፊቶቹ የሚያቃጥሉ ከሆነ ማስተሩ እንደገና ይፈታል፣ ዘንጉም እንዲያጥር ይደረጋል።