ሲጋራን ለማቆም ወኔ ብቻውን ይበቃልን?

«ሲጋራ ማቆም ትፈልጋለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ አጫሽ ብዙውን ጊዜ «አዎን» ይላል። «በምን ዘዴ?» የሚለው ጥያቄ ሲከተል ግን በሩን ይዘጋል። አንዱ «ከቆረጥሁ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ሌላው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መቀነስን ይመርጣል። ሦስተኛው ሲጋራውን ትቶ ወደ ሺሻ ይዞራል። በሳልሚያም ሆነ በሐወሊ፣ በፈርዋኒያም ሆነ በጀብሪያ፣ በተማሪዎች ጭውውት የሚሰማው ከእነዚህ ብዙ አይርቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሶቹን በሕክምና ዓይን መርምሮ፣ በር የተዘጋባቸውን ሌሎች ዘዴዎች ማስተዋወቅ ነው።

በቅድሚያ የሱሱን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ከጭሱ ጋር የሚገባው ኒኮቲን በሳንባ በኩል አልፎ በጥቂት ሴኮንዶች አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ይለምደዋል። በተቋረጠ ጊዜ ብስጭት፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና ሐሳብን ለመሰብሰብ አለመቻል ይከተላሉ። ይህ ስሜት በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። ስለዚህ በፈተና ሰሞን ሲጋራ የተወ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ቢሸነፍ ወኔ ስለ ጎደለው አይደለም፤ ሱሱ በበረታበት ሰዓት ባዶ እጁን ስለ ተገኘ ነው። ያለ ምንም እርዳታ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚጸኑት ከ3 እስከ 5 ብቻ መሆናቸው በጥናት ታውቋል።

ቀስ በቀስ መቀነስስ? የማቆሚያው ቀን አስቀድሞ ከተቆረጠለት በአንድ ጊዜ ከመተው የማያንስ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ቀን ያልተቆረጠለት ቅነሳ ግን ብዙም አያራምድም፤ ከ20 ሲጋራ ወደ 10 የወረደ ሰው እያንዳንዷን ጠለቅ አድርጎ በመሳብ የጎደለውን ኒኮቲን ያካክሳልና። ሺሻን በሚመለከት፣ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስረዳው በአንድ የሺሻ ቁጭታ የሚሳበው ጭስ የ100 ሲጋራ ጭስ ያህል ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሌሎቹን ዘዴዎች እንመልከት። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ለአዋቂ አጫሾች ከሐኪም ምክር ጋር የሚሰጡ መድኃኒቶችን ዘርዝሯል። እነዚህም በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ፕላስተርና ማስቲካውን የመሳሰሉ የኒኮቲን ምትኮች፣ እንዲሁም ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉት መድኃኒቶች ናቸው። የኒኮቲን ምትክ የመሳካቱን ዕድል በግማሽ ያህል ከፍ ያደርጋል። ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ኒኮቲኑን በዝግታ ሲለቅ፣ ማስቲካው አምሮቱ ድንገት ሲነሣ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ስለማይሰጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አይገባም።

«ኒኮቲንን በኒኮቲን መተካት ከሱስ ወደ ሱስ አይደለምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ካንሰርን፣ የልብንና የሳንባን በሽታ በዋናነት የሚያመጣው የጭሱ መርዝ ነው፤ በፕላስተሩ ውስጥ ሬንጅም ሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም። ኒኮቲኑም በዝግታና በመጠኑ ስለሚገባ፣ ከሳምንታት በኋላ እየተቀነሰ ለማቆም ያስችላል።

ክልከላም የራሱ ጥቅም አለው። በኩዌት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በዝግ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ከልክለዋል። ይህ የማያጨሰውን ይጠብቃል፤ አጫሹን ግን ወደ ደጅ ያወጣዋል እንጂ ሱሱን አያክምለትም። ጾምም እንደዚሁ ነው። በረመዳን ከንጋት እስከ ጀምበር ግባት የሚታገሥ ሰው፣ ማታ በእጥፍ ካጨሰ ያገኘው እረፍት እንጂ ነፃነት አይደለም። ረመዳንን ወይም ዓቢይ ጾምን የማቆሚያ ቀን አድርጎ ቢይዝና ምክርና መድኃኒት ቢጨምርበት ግን ትልቅ አጋጣሚ ይሆንለታል።

ነገሩ ለእኛ ዕድሜ የተለየ ትርጉም አለው። በብሪታንያ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመታት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የሪቻርድ ዶልና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ማጨስን ሳያቋርጡ የኖሩ ሰዎች ዕድሜ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ያጥራል። በ30 ዓመታቸው ያቆሙት ይህን ጉዳት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አምልጠዋል፤ በ50 ዓመታቸው ያቆሙት 6 ዓመት ያህል አትርፈዋል። አብዛኞቻችን ገና 30 አልሞላንም።

ስለዚህ ማቆም የምትሹ ወንድሞችና እህቶች ቀን ቁረጡ፤ አብሯችሁ ለሚኖር ጓደኛ ንገሩ፤ በኩዌት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ያሉትን የማጨስ ማቆሚያ ክሊኒኮች ወይም የዩኒቨርሲቲያችሁን ሐኪም ጠይቁ። ከዚህ ቀደም ሞክራችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ ያው ወድቆ የነበረውን ዘዴ ብቻ አትድገሙ። ብዙዎች የሚሳካላቸው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነውና፣ በሚቀጥለው ሙከራ ገና ያልተነካ መንገድ ጨምሩበት።